ወፊቱም ትታሰር

ዋና ሳጅን ስህን ጎረቤቴ ናት። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የኔ ሱቅና የሷ ቤት አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ። እኔ ሳስነጥስ እሷ ከወዲያ «ይማርሽ» ትላለች፤ እሷ ከሥራ ተናዳ ስትገባ ደግሞ በሯን የምትዘጋበት ኃይል ከመደርደሪያዬ ላይ ሳሙና ያወርዳል። ሰው ፖሊስ ማማት ሲያምረው የሚመጣው እኔ ሱቅ ነው። እኔም አብሬ አማለሁ፣ ምላስ አጥንት የለውም አይደል። ስለ ስህን ሲሆን ግን ዝም በሉ እላለሁ። እሷን የማማት መብት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ በጦርነቱ ጊዜ የደንብ ልብሷን ፍራሼ ውስጥ ሰፍቼ የተኛሁበት እኔ ነኝ።

የማወራው ሾላ ሜዳ ላይ ስለሆነው ነው። ኑርዬ የሚባል ሰው በአገር ፊት ተቀጥቅጦ ሊሞት ትንሽ ነበር የቀረው። ለዚያ ሁሉ ሰበብ የሆነው የውሃ ሞተር እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌባውን ስትጠብቁ እንዳትደክሙ ነው። ነገሩ የሌባ ነገር አይደለም።

ስህን የተወለደችው አምባሰል ውስጥ፣ ከግሸን በታች ካሉት መንደሮች በአንዱ ነው። አያቷ በንጉሡ ጊዜ የአጥቢያ ዳኛ ነበሩ፤ በስተርጅና ሥራቸው ለልጅ ልጃቸው የድሮ ፍርድ ማውራት ሆነ። ሁለት ነገር ይደጋግሙላት ነበር። አንዱ ስለ አውጫጭኝ ነው። ከብት ሲጠፋ ወይም ቤት ሲቃጠል የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። የሚያውቅ ሰው ለሽማግሌዎቹ በጆሯቸው ስም ይነግራል። ማን ነገረህ ሲሉት «ወፍ ነገረችኝ» ይላል፣ ወፊቱ ደግሞ አትጠየቅም። ሁለተኛው ስለ ቁራኛ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ።

«አንዱ እንትፍ ለማለት ዞር ሲል ሌላውም አብሮ ይዞራል» እያሉ ይስቁ ነበር አሉ ሽማግሌው።

«የትኛው ይሻላል?» ብትላቸው፣ «ቁራኛ፤ ከሳሹንም ያደክመዋላ» አሏት። ይህን ስትነግረኝ እኔ እንደ ተረት ነበር የሰማኋት።

ዳኛ መሆን ነበር ምኞቷ፤ ትምህርቱ መንገድ ላይ ሲቀር ፖሊስነቱ ደረሳት። ረጅም ናት። ድምፅዋ ከመወፈሩ የተነሳ በስልክ «አቶ» እያሉ የሚያናግሯት አሉ። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር፤ ባሏ «ቤት ውስጥ ምርመራ ሰለቸኝ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው።

ጦርነቱ ወደኛ የደረሰ ጊዜ ጣቢያው በአንድ ጠዋት ባዶ ሆነ። ባልደረቦቿ ወደ ደሴ ሄዱ፣ ከደሴም ወዲያ አለፉ። ስህን አልሄደችም፤ እናቷ አልጋ ላይ ናቸው፣ የሚወስዳቸው መኪና የለም። በጓሮ በር መጣችና የደንብ ልብሷን አጣጥፋ አቀበለችኝ።

«አቃጥይው» አለችኝ።

«እንጀራሽን ነው የማቃጥለው? ወላሂ አላደርገውም።»

ፍራሼን ተረተርኩና ልብሱን ከጥጡ መሃል ከትቼ መልሼ ሰፋሁት። ከዚያ ሂጃብ አለበስኳት፣ ከላይ ነጠላዬን ደረብኩላት፤ ለጠየቀኝ ሁሉ «እህቴ ሂንድ ናት» አልኩ። ማተብሽን አውልቂ ብላት እምቢ አለችኝ፤ በሂጃቡ ሸፈንኩላት። የግሸን ማርያም ልጅ ሂንድ ሆና ሰነበተች። አንድ የታጠቀ ሰው በራችንን ባንኳኳ ቁጥር ቀድሜ የምወጣው እኔ ነበርኩ።

ሕግ የሌለበት ከተማ ውስጥ ኖሮ የማያውቅ ሰው ስለ ፖሊስ ሲፈላሰፍ ያናድደኛል። መጀመሪያ ሰው ይፈራል። ቀጥሎ ይሰርቃል። ከዚያ የተሰረቀው ዱላ ያነሳል። በኛ ሰፈር ዱላ ያነሳው ዋለ የሚባለው እህል ነጋዴ ነበር። መጋዘኑ ተሰብሮ ጤፉ ሲወሰድበት ጆንያ ይሸከምለት የነበረውን አስረስን ያዘና «በሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው!» እያለ ጎረምሳ አስከበበው። የሚጠራ ፖሊስ የለም፣ የሚታሰርበት ቤት የለም። አስረስ አፉ ደም ሞልቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ስህን በኔ ነጠላ ተሸፋፍና ወጣች። እኔ ከኋላዋ ልብሷን እየጎተትኩ «ያረቢ! ተይ፣ ታስፈጂናለሽ!» እላለሁ። ማን ይሰማኛል።

ነጠላውን አወለቀችና አንዱን ጫፍ በአስረስ እጅ፣ ሌላውን ጫፍ በዋለ እጅ ላይ ቋጠረችው። «ሕግ እስኪመለስ ሁለታችሁም እስረኛ ናችሁ» አለች በዚያ ወፍራም ድምፅዋ።

ሰው ሳቀ። አስረስን ያተረፈው ያ ሳቅ ነው፤ የሚስቅ ሰው ዱላ አያነሳም። ዋለ ቋጠሮውን መፍታት ይችል ነበር፤ ከፈታው ግን ያላየውን ተናገረ ሊባል ነው፤ እልኸኛ ስለሆነ ታስሮ ሰነበተ። አስረስ የሚበላው ስለሌለው ዋለ አበላው። ሽንት ቤት ሲሄዱ ሰፈሩ ይስቅባቸዋል። ዋለ አስረስ ቤት ሲያድር ደግሞ የአስረስ ልጆች ምን በልተው እንደሚተኙ በዓይኑ አየ፤ እዚያ ቤት እንኳን የመጋዘን ጤፍ አንድ ጣሳ ዱቄት አልነበረም። በመጨረሻ ዋለ ራሱ መጥቶ «ፍቺን፣ ይህ ሰው አልሰረቀኝም» አላት። ቆይቶ የጤፉ ሌባ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እኔ ነጠላዬን አጥቤ አሰጣሁ፣ ነገሩንም ረሳሁት።

ጣቢያው ሲመለስ ፍራሼን ተርትሬ የደንብ ልብሷን ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ስብሰባ በስብሰባ ሆነ። ፖሊስ ይለወጥ፣ ፖሊስ የሕዝብ ይሁን ተባለ፤ ደግ ነገር ነው። አዳራሽ ሰብስበዋቸው ከጦርነቱ ጊዜ ምን ተማራችሁ ብለው ጠየቋቸው። ስህን ተነስታ የዋለንና የአስረስን ነገር ተናገረች። «የተማርኩት ይህን ነው፤ ወንጀለኛ የምንለው ሰው፣ ፊቱ የሚታይ ከሳሽ ይኑረው» አለች። አጨበጨቡላት። የምትሠራበት የገጠር ጣቢያ አዲስ አዛዥ፣ ኢንስፔክተር ፈንታሁን፣ ፊት ወንበር ላይ ነበር። ወጣት ነው፣ የተማረ ነው፣ ክፉም አይደለም። ግን ከዚያ ሁሉ ንግግሯ ይዞ የወጣው «የድሮ ባህል ይሠራል» የሚለውን ብቻ ነው። ጆሮ የሚሰማው የሚፈልገውን ነው።

ሾላ ሜዳ የትውልድ መንደሬ ናት፤ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለች። የአባቴን መሬት ወንድሜ ሐቢብ ያርሰዋል፣ እኔም ድርሻ አለኝ። ገበሬዎቹ አዋጥተው የገዙት ሞተር ነበር፤ ውሃ ከሐይቁ እየሳበ ሽንኩርቱን የሚያጠጣ። አንድ ምሽት ጠፋ። ሽንኩርት ደግሞ ነገ ዛሬ የሚሉት ነገር አይደለም። ከሳምንት በኋላ የመንደሩ ልፋት ሰው ዓይን ስር ቢጫ እየሆነ ነበር። ፖሊስ ፈልጎ ምንም አላገኘም። ኢንስፔክተሩ የአገር ሽማግሌውን ሼህ ሰዓድን አማከረና «እንግዲያው እንደ አባቶቻችሁ አውጫጭኝ ይደረግ» አለ። የነዋሪውም የባለ መሬቱም ሁሉ ስም ተጠራ፤ እኔም አንዷ ሆንኩ።

በዋዜማው ስህን ሱቄ ገብታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ኮፍያዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታዞረዋለች።

«ነጅዋ፣ ፈርቻለሁ» አለችኝ። በጦርነት እንኳ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

«ምን ያስፈራሻል? ሽማግሌ አለ፣ ፖሊስ አለ።»

«ሰው ተናዶ እያለ በሚደረግ አውጫጭኝ የሚወጣው ሌባው አይደለም። ዘመድ የሌለው ነው የሚወጣው። ተከራከርኩት፣ አልሰማ አለኝ።»

«ሾላ ሜዳ ውስጥ ዘመድ የሌለው ማን አለ?» አልኳት፤ ጠይቄ ሳልጨርስ መልሱን አወቅኩት።

ኑርዬ ከባቲ በኩል ከሚስቱ ከአሪፋ ጋር የመጣ ዓሣ አስጋሪ ነው። ከመንደሩ ራቅ ብሎ ውሃው ዳር ጎጆ ቀልሶ ይኖራል። መሬት የለው፣ ወንድም የለው፣ ቅሬም የለው። ቅሬ እኛ ወሎዎች የምንቀባበርበት ማኅበር ነው፤ ሰው ሲሞት ጉድጓድ የሚቆፍረው፣ ሐዘን የሚቀመጠው ቅሬው ነው። ኑርዬ አስገቡኝ ብሎ ጠይቆ ነበር። የቅሬው ዳኛ የኔው ወንድም ሐቢብ ነው፤ «እስቲ ክረምቱ ይውጣና እናየዋለን» አለው። ክረምቱ ወጣ፣ ሌላ ክረምትም ገብቶ ወጣ። «እናየዋለን» የሚሉት ቃል በኛ አገር ስንቱን ደጅ እንዳሳደረ አላህ ይወቀው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁላችንም ሾላው ስር ተሰበሰብን። ወንዶቹ ረድፍ ረድፍ ሠርተው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ዱላ ያልያዘ የለም፣ ጠመንጃ የያዙም ነበሩ። ሴቶች በአንድ ወገን ሆንን። አሪፋ ከመሃላችን አልነበረችም፤ የት ቀረች ብሎ የጠየቀም የለም። ኢንስፔክተሩ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስህንና ሌሎች ሁለት ፖሊሶች ከኋላው ቆመዋል። ሼህ ሰዓድ ዱዓ አድርገው «ያየ ይናገር፣ ያላየ ይታቀብ፤ የዋሸውን አላህ ያዋርደው» አሉ። ሁሉም አሚን አለ።

ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሱ ከዛፉ ጀርባ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፣ ከአናት ዘነበለች። ውሃ ያልጠጡ ከብቶች ከመንደሩ ይጮኻሉ፤ ተነስቶ የሚያጠጣቸው የለም፣ መነሳት ክልክል ነው። ረሃቡና ሙቀቱ የሰዉን ፊት ሲያከብደው ይታየኛል። አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ተጠርቶ ነገሩ እንዲያልቅ ሁሉም ፈልጓል። እኔም ፈልጌ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ሼህ ሰዓድ ከዛፉ ጀርባ ወጡ። «ሦስት ወፎች አንድ ስም ጠርተዋል» አሉ። ጢማቸውን ያዝ አድርገው፣ «ኑርዬ» አሉ።

ኑርዬ መጨረሻው ረድፍ ላይ ብቻውን ነበር የተቀመጠው። አልማለም፣ አልጮኸም። ቆቡን አውልቆ መሬት መሬት አየ። ያ ዝምታ ነው ያስፈረደበት። «አያችሁት? አያችሁት!» አለ አንዱ፣ ከዚያ ሜዳው ሁሉ ተነሳ። አንዱ በኮሌታው አንጠልጥሎ አቆመው። ሌላው በዱላ ትከሻውን መታው፤ የዱላው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ሞተሩን የት አደረስከው?» ይላል አንዱ። «ምን ትጠይቀዋለህ፣ ሐይቁ ውስጥ ጨምረው!» ይላል ሌላው። ድንጋይ ለመልቀም የሚያጎነብሱ ወገቦች አየሁ። ኢንስፔክተር ፈንታሁን ከወንበሩ ተነስቶ «ጸጥታ! ጸጥታ!» ቢል ድምፁ ቀጠነበት። እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

ስህን ክንዱን ያዘችው። «አይተኩሱ ኢንስፔክተር። አንድ ጥይት ከጮኸ ሁላችንም እዚሁ ነን።»

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ነጅዋ! ነጠላሽን!»

ከሂጃቤ በላይ የደረብኩትን ነጠላ ገፍፌ ወረወርኩላት። ለምን እንደፈለገችው ያወቅኩት ሰዉን በክርኗ እየጣሰች ስትሄድ ነው። ያው የጦርነቱ ነጠላ ነው። ኑርዬ ጋ ደረሰችና ግራ እጁን ይዛ ጫፉን አንጓው ላይ ቋጠረችው። ከዚያ ሌላውን ጫፍ ከፍ አድርጋ ያዘች።

«ሼህ ሰዓድ! ወፊቱ የታለች?»

«ወፍ አትጠየቅም ልጄ። የአባቶቻችን ሥርዓት ነው።»

«ቁራኛም የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ወፊቱም ትታሰር!»

ኢንስፔክተሩ በሰዉ መሃል ተጋፍቶ ደርሶ ነበር። «ሳጅን» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቁራኛ በሕግ የለም።»

«ወፍስ በየትኛው አንቀጽ አለች?»

ድንጋይ የያዙት ድንጋያቸውን እንደያዙ ነበሩ፤ ግን ማንም አልወረወረም፣ ምን ልታደርግ እንደሆነ ለማየት ፈልገዋል። ስህን ኑርዬን እያስከተለች የነጠላውን ጫፍ ወደ መጀመሪያው ሰው ዘረጋች።

«ኑርዬ ሌባ ነው ትላለህ? እንካ ያዝ። አብረኸው ዳኛ ፊት ትሄዳለህ።»

ሰውየው ቅድም ሲጮኽ ነበር። አሁን እጁን ወደ ኋላው ወሰደ። «እኔ ምን አውቄ፣ ወፍ ናት ያለችው» አለ። ስህን ወደ ሁለተኛው ዘረጋችለት፤ አንገቱን ደፋ። ወደ ሦስተኛው። እንዲህ እያለች ረድፉን ይዛ ሄደች፤ ከኋላዋ ኑርዬ ይከተላል፣ ትከሻው ተጎድቶ አንድ ወገኑ ተንጋዷል። ጫፉ ፊታቸው ሲደርስ ሰዎች ከእባብ እንደሚሸሹ ይሸሹታል። የከብቶቹ ጩኸት ብቻ ይሰማል። ያኔ ነው ዓይኔ ሐቢብ ላይ ያረፈው።

ወንድሜን አውቀዋለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጨንቀው የከንፈሩን ቆዳ ይነጫል። ጫፉ ወደሱ በቀረበ ቁጥር ከንፈሩን ይነጫል፣ እየነጨ ደም አወጣ። ወፊቱ እሱ መሆኑን ከማንም በፊት አወቅኩ። «ያረቢ፣ እጁን አያንሳ፣ ሰው አይወቅበት» ብዬ ለመንኩ። የኑርዬ ነፍስ ባፍንጫው ላይ ሆና እያየሁ ለወንድሜ ስም ፈራሁ። የሥጋ ነገር እንዲህ ነው።

ስህን ፊቱ ቆመች። «ሐቢብ፣ ትይዘዋለህ?»

የእኔ ወንድም መሆኑን ታውቃለች። ዓይኗ አልተወላወለም። ሐቢብ ረጅም ጊዜ ጫፉን አየው፣ ከዚያ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

«እሰሪኝ። ወፊቱ እኔ ነኝ። በዓይኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩ።»

ጉምጉምታ ተነሳ። ስህን እየቋጠረች፣ «ምን አየህ? ሁሉም ይስማ» አለችው።

«ሞተሩ የጠፋ ዕለት፣ ለመግሪብ ሶላት ሲቃረብ ነው። አንድ ከባድ ነገር በጋቢ ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ መቃብሩ ጉብታ ሲወጣ አየሁት። ጠራሁት። ሰምቶኛል፣ ግን አልዞረም።»

«ሌሎቹ ሁለት ወፎችስ? ያዩትን ይንገሩን።»

ማንም አልተነሳም። ሐቢብ ራሱን ነቀነቀ። «ለሁለት ሰው አውርቻለሁ። ከኔ የሰሙትን ይሆናል የተናገሩት።»

«ሦስት ወፍ ያላችሁት አንድ ሰው ነው!» አለች ስህን፣ ድምፅዋ ሜዳውን ሞላው። ከዚያ ወደ ኑርዬ ዞረች። «ምን ነበር የተሸከምከው?»

ኑርዬ «እዚህ አልናገርም» አለ።

እንደገና ጩኸቱ ተነሳ። በዚያች ሰዓት እኔም ሌባ ነው ብያለሁ። ስህን ግን «ዳኛ ፊት ይናገራል! ከሳሽ አለው፣ መንገድ ልቀቁ!» ብላ ሁለቱን ከፊቷ አድርጋ ነዳቻቸው። ሰዉ ተከፈለላት። የሚወደው ሐቢብ፣ የቅሬ ዳኛው፣ ከሚጠላው ሰው ጋር ክንድ ለክንድ ነው የሚሄደው፤ ድንጋይ የያዘ ሰው ሐቢብን ሳይመታ ኑርዬን መምታት አይችልም። ሽማግሌው አያቷ ይህን ነግረዋት ይሆን አይሆን አላውቅም።

ወደ ሐይቅ ከተማ የሚወስደውን የጥርጊያ መንገድ ይዘን ወጣን። እኔ ከስህን ጋር ከኋላቸው ነኝ፤ ኢንስፔክተሩና ሁለቱ ፖሊሶች ከኛ ኋላ፣ ሰዉ ደግሞ ዱላውን እንደያዘ ራቅ ብሎ ይከተላል። ኢንስፔክተር ፈንታሁን ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ይጠርግ ነበር። ዛሬ በሱ ጣቢያ ከሳሽ ፊቱን ይዞ ካልመጣ ሰው አይያዝም፤ በስብሰባ ሁሉ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ያን ቀን ግን የደነገጠ ልጅ ነበር የሚመስለው።

ዳገቱ ላይ ሐቢብ ድንጋይ አደናቀፈውና ወደ ፊት ሊደፋ ሲል ነጠላው ተወጠረ። ኑርዬ በተመታው ትከሻው ስቦ አቆመው፣ ሲያቆመው አመመውና አቃሰተ። ሐቢብ ቆም ብሎ አየው።

«ሸጥከው?» አለው ዝቅ ብሎ። «ለኔ ብቻ ንገረኝ። ሞተሩን ሸጥከው?»

ኑርዬ ወደ ኋላ፣ ወደ ሰዉ አየ። ሩቅ ናቸው። «አያ ሐቢብ፣ ከባድ ነው ያሉት ሐቅ ነው» አለ። «ሞተር ግን አይደለም። ልጄ ናት።»

ስህን ክንዴን ጨበጠችኝ።

«አሪፋ ያለ ቀኑ ወለደች። ልጂቱ አላለቀሰችም። አጠብኳት፣ በጋቢዬ ከፈንኳት። ማንን ልጥራ? ቅሬ የለኝ። መቃብሩ የናንተ ነው፣ ሳላስፈቅድ ነው የቀበርኳት። ሰው ፊት ብናገር አውጣት ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። እኔን ቢገድሉኝ ይሻለኛል፣ እሷ በሰላም ትረፍ ብዬ ነው።»

አሪፋ ማርገዟን እንኳ ከመንደሩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማን ደጃቸው ሄዶ ያውቃል?

ሐቢብ ጠጋ አለው። «ስጠራህ... ለምን አልዞርክም?»

«እያለቀስኩ ነበር።»

«ስም አወጣህላት?»

«ሒክማ አልኳት።»

ስህን ቀርባ ቋጠሮውን ልትፈታ እጇን ሰደደች። ሐቢብ እጁን ነጠቃት። «አትፍቺኝ» አላት። ከዚያ ወደ ኑርዬ ዞሮ፣ «መጀመሪያ ሒክማ ጋ ውሰደኝ» አለው።

ተመለሱ። ሰዉ ዱላውን ይዞ ወደኛ ሲመጣ ሁለቱ እንደታሰሩ ፊት ለፊት አገኙት። አንዱ «ምን ሆነ? አመነ?» ብሎ ጠየቀ። ሐቢብ አልመለሰለትም። ፊቱ በእንባ ታጥቧል፤ ወንድሜን አባታችን የሞቱ ዕለት እንኳ እንዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም። በመሃላቸው አልፎ ሲሄድ ተከተሉት። እኔ ከኋላ ሆኜ ለጠየቀኝ ሁሉ እየተናደድኩ ተናገርኩ፦ «ቀብር ነው የምትሄዱት! የሰው ልጅ ቀብር ነው! ዱላችሁን ጣሉ!» ስደርስ ብዙ ዱላ መንገድ ዳር ወድቆ ነበር።

ጉብታው ጫፍ ላይ፣ ከሌሎቹ መቃብሮች ራቅ ብሎ፣ ግራር ስር፣ አንዲት ትንሽ የአፈር ክምር አለች። በላይዋ ከሐይቁ ዳር የመጡ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ተመርጠው የመጡ ለስላሳ ድንጋዮች ናቸው። ሼህ ሰዓድ ሲያዩዋት መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ስህን ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቀርታ አማተበች።

ሐቢብ መቃብሯ አጠገብ ቆመ። «ቅሬው እኔ ነኝ» አለ፣ ለኑርዬ ይሁን ለሒክማ አላወቅኩም። «ዘግይተን መጣን፤ አፉ በሉን።»

ከዚያ ለዱዓ ሁለት እጁን አነሳ። ነጠላው ተወጠረና የኑርዬም እጅ አብሮ ተነሳ። ከዚያ ሁሉ ሰው መጀመሪያ አሚን ያለው ኑርዬ ነው።